ረሳሁት ያልኩት ቋንቋ

እዚያ ተራራ ላይ አንድ ነገር ብትሆን፣ የልጅ ልጄ በየትኛው ቋንቋ ነው «ድረሱልኝ!» የምትለው?

ይህን እያሰብኩ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው የየአገሩን ሰው ቋንቋ ነው። አሁን ደግሞ እናቴ የተወለደችበት ተራራማ አገር ሄዳ ቋንቋውን ልመዝግብ ብላ ተነስታለች። አስተማሪዋ ግን «ቤትሽ ቋንቋውን የሚያስለምድሽ ሰው ካላገኘሽ አልልክሽም» ብሏታል።

«እማማ፣ እስቲ በእናትሽ ቋንቋ ትንሽ አውሪልኝ።»

«ረሳሁት፣ የኔ እናት። ስልሳ ዓመት አለፈው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው የዋሸሁት።

እሷ ካርዶቿን አልጋዬ ላይ ዘርግታ ታስረዳኛለች። በእናቴ ቋንቋ «ዝናብ ዘነበ» ብሎ ዝም የለም፤ አይተሽ ይሁን ሰምተሽ የቃሉ ጭራ ይናገራል። እውነቷን ነው፤ ወሬ ይዤ ስገባ እናቴ በዚያች ጭራ ብቻ ውሸቴን ትይዝ ነበር። ሌላ አገር ደግሞ ቀኝና ግራ የለም አሉ፤ ብርጭቆው እንኳ «በዳገቱ በኩል» ነው የሚባለው።

«ለምን እንዲህ ተለያየ?»

«አንድ መልስ የለውም። መሬቱም አለበት፣ ጎረቤቱም አለበት፣ አፍ የለመደውም አለበት። አንቺ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ኮት ትሰፊያለሽ?»

«ጀርባው ሳይለካ?» ብዬ ሳቅሁ። ልብስ ሰፊ ነኝና ገባኝ።

ከወር በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባትሄድም ይበርዳታል ብዬ የኮቷን ጠርዝ በእጄ እሰፋ ነበር። ስሰፋ ስፌቱን ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። አሥራ አራት ላይ ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። ለካ የምቆጥረው በእናቴ ቋንቋ ነው!

«ረሳሁት ያልሽው ይሄንን ነው? አንቺ ቀጣፊ!»

«ቀጣፊ ነኝ። ቁጭ በይ።»

መጀመሪያ ያስተማርኳት «ድረሱልኝ»ን ነው። አሥር ጊዜ አስጮህኳት፤ ጎረቤታችን ደንግጣ በር አንኳኳች። ከዚያ ውሃ፣ እሳት፣ አመመኝ። ከዚያማ እናቴ ራሷ በአፌ መጣች። ልጆቼን ያልነገርኳቸውን፣ ትምህርት ቤት ይሳቅባቸዋል ብዬ የደበቅኩትን ሁሉ አወራኋት። ሳገባ ከቤት ስወጣ፣ ስሰናበታት ላለቅስ ብል፣ እናቴ አፌን በመዳፏ ይዛ ያለችኝንም ነገርኳት፦ «የሚመለስ ሰው አይሰናበትም።»

አስተማሪዋ ፈቅዶላት ዛሬ ጠዋት ልትሄድ ስትነሳ ኮቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። መድኃኒትሽን ያዝሽ? ካልሲሽስ? ስልክሽስ? አከታተልኩባት። አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

ጉንጬን ሳመችኝና ሳትሰናበተኝ ወጣች።