ሜትሩ እስኪጠቀለል

«ነጠፈ! ይኸውልሽ፣ ጉድጓዴ ነጠፈ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የውሃ ቢሮ ተቆጣጣሪዋ ገና ከመኪና ሳትወርድ።

ጉድጓዱ ደርቆበት እንዲህ የሚፈነጥዝ ሰው ታይቶ ይታወቃል? ግን ምን ታድርግ። ከጓሮዋ አጥር ሥር ጠጠር የሚያወጡት ሰዎች መሬቱን ሲንዱ ሲንዱ፣ እናቷ ወደተኛችበት የኋላ ክፍል ተጠግተዋል። ግድግዳው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ለውሃ ቢሮ ስንቴ ጮኸች! መልሱ ያው ነው፤ እኛ የምናዘው ውሃ ላይ ነው፣ ለግድግዳ ማዘጋጃ ቤት ሂጂ። ማዘጋጃ ቤቱ ወደ ማዕድን ቢሮ ይመራታል፤ ማዕድን ቢሮው «ፈቃድ አላቸው» ይላታል። ኧረ እንዲያው እግዜር ይይላቸው!

ያንን መልስ በገዛ አፏ የሰጠችው ተቆጣጣሪዋ ናት፤ በሰጠች ቁጥርም አንጀቷ እርር ይል ነበር። ዛሬ ሜትሯን ወደ ጉድጓዱ ስትለቅ ግን ጫፉ ላይ የታሰረው ብረት ጭቃ ላይ አረፈ። እውነትም ባዶ ነው። ልቧ ዘለለ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጠጠር ማውጫ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ነጥፎ ከተገኘ፣ ውሃው መመለስ አለመመለሱ ተለክቶ እስኪያልቅ ሥራ ይቆማል። ካልተመለሰ ወይም ጉድጓዱ ከተበላሸ ማውጫው ይዘጋል።

«አቁሙ!» ብላ ከአጥሩ ማዶ ጮኸች። «ኤክስካቫተሩም ፓምፑም ይቁም!»

ፎርማኑ ግንባሩን ቋጥሮ እያጉረመረመ እጁን ለሾፌሩ አወዛወዘ። ማሽኑ ጸጥ አለ። ሲንቀጠቀጥ የዋለው የመስኮት መስታወትም አብሮ ዝም አለ።

ተቆጣጣሪዋ ዞር ስትል ነው የጓሮውን ጎመን ያየችው። መደቡ በውሃ ተጥለቅልቋል። ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ የልብስ መዘፍዘፊያው ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። የልብስ ሰፊዋ መዳፍ በገመድ ተልጧል።

«እትዬ፣ ምን ሠሩ?» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የምንሰማው የውሃ ነገር ብቻ ነው አላላችሁኝም? ከንጋት ጀምሬ ቀድቼ ጨረስኩት። አይበቃችሁም?»

ተቆጣጣሪዋ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰች። ሜትሩን ዳግም ለቀቀች። ውሃው ከሥር እየመጣ ነው፣ ያውም ተቻኩሎ። ጠጠር አውጪዎቹ የዚህችን ሴትዮ ቤት ይነቅሉት ይሆናል እንጂ ውሃዋን አልነኩም። ጉድጓዱ ሲሞላ ልኬቱ ያልቃል፣ ማሽኑም ይነሳል።

እስኪሞላ ግን ቆሟል።

«እትዬ፣ ይስሙኝ። ቤቱን ላድንልዎት አልችልም። ሜትሬን እስክጠቀልል ድረስ ግን ማንም ማሽን አያስነሳም። እናትዎን አሁኑኑ ያውጡ።»

«ከቤቴ? ከወጣሁላቸውማ አለቀልኝ!» ዓይኗ ደም ለበሰ። «አንቺ መንግሥት አይደለሽም?»

«የውሃ ነኝ።»

«አፈር ብዪ!» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። ምራቋን ጢቅ አድርጋ ፊቷን አዞረች፤ ስንጥቁን ለአፍታ አየችው። ከዚያ ሮጣ ገባች።

ተቆጣጣሪዋን ያመጣት የቢሮው ሾፌር ተከትሏት ገባ። አሮጊቷን ከነፍራሿ ተሸክመው ወጡ፣ መንገድ ዳር አሳረፏት፤ ደግሞ ለስፌት መኪናው ተመለሱ። ፎርማኑ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል።

«ለክተው አልጨረሱም?»

«አልጨረስኩም።»

«ከዚህ ሆኜ ውሃው ሲያብለጨልጭ አያለሁ እኮ!»

«ያልረጋ ውሃ አይለካም» አለች፤ ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ውሃው ረግቶ ከተኛ ቆይቷል። ሜትሩን አወጣች፣ አደረቀች፣ መልሳ ለቀቀች። ፎርማኑ ስልኩን አውጥቶ አለቃዋ ጋ ደወለ፤ ጥቂት አወራና ስልኩን በአጥሩ ላይ አቀበላት።

«ውሃው ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም?» አሉ አለቃዋ።

ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻውን የጨርቅ ጥቅል አቅፋ ስትወጣ ተቆጣጣሪዋ አየች። «ተመልሷል» አለች።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጠቅልለሽ ነይ።»

ጠቀለለች። ኤክስካቫተሩ አጓራ። አንዴ ቆፈረ፣ ደገመ። ተቆጣጣሪዋ ገና መንገድ ዳር ሳትደርስ ምድር ተንቀጠቀጠ፤ የኋላው ክፍል ግድግዳ ወደ ጓሮው ጎበጥ አለና ዘጭ ብሎ ወደቀ። አቧራው ሁሉንም ዋጠ። ልብስ ሰፊዋ በእናቷ ላይ ተደፋች።

አቧራው ሲገለጥ ተቆጣጣሪዋ እየሮጠች ተመለሰች። ግድግዳው ያረፈው ጉድጓዱ ላይ ነው፤ በጡብና በአፈር ጥርቅም አድርጎ ደፍኖታል። ሜትር የሚገባበት ቀዳዳ እንኳ አልተረፈም። ከዚያ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፤

«አቁሙ! ጉድጓድ ተደፍኗል! በውሃ ቢሮ ትእዛዝ ይህ ሥፍራ ከአሁን ጀምሮ ተዘግቷል!»

ማሽኑ ቆመ። ፎርማኑ ቆቡን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ተቆጣጣሪዋ እንባዋ እየወረደ ወደ መንገዱ ዞረች። «እትዬ፣ ዘጋሁት! አሁን ጉዳዩ የኔ ሆነ!»

ልብስ ሰፊዋ ከእናቷ ላይ ቀና አለች። መጀመሪያ ጣሪያው የተንጠለጠለውን ቤቷን አየች፣ ቀጥሎ ተቆጣጣሪዋን።

«ጎሽ» አለቻት። «በይ እንግዲህ፣ ውሃሽን ጠብቂ።»