ዓይኗን የሚያይ ጠፋ

ዘመነች ምስር ስትለቅም ጠጠር አምልጧት አያውቅም። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ እስከ ዓለም ባንክ ድግስ ያለበት ሰው ወደ እሷ ሱቅ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ የእሷን ምስር በልቶ ጥርሱን ይዞ የጮኸ የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ማርቆስን ለወግ ያበቃችው በእነዚህ ዓይኖቿ ነው። እንግዲህ አንድ ማለዳ ቀኝ ዓይኗ ደም መስሎ አድሮ ስታየው የደነገጠችው ለመልኳ አይደለም፤ ለእንጀራዋ ነው።

ቀኑም ክፉ ቀን ገጠማት። ያ በየጊዜው እየተነሣ ከተማውን የሚያምሰው ተላላፊ የዓይን ሕመም ሰፈሩን አዳርሶት ነበር። አየር ጤና ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ ላየ፣ ሁሉም በጥቁር መነጽር ተጀንኖ የሠርግ አጃቢ ይመስላል። ለፀሐይ እንዳይመስላችሁ። ሕመሙ በማየት ይጋባል ስለሚባል ነው። የቀላ ዓይን ትክ ብሎ ያየ ሰው ሲነጋ የእሱም ይቀላል አሉ። ስለዚህ የታመመው መነጽር ያደርጋል፣ ጤነኛው ፊቱን ያዞራል፣ በቃ፣ ተከባብሮ መኖር ነው። ማን እንዳወጣው የማይታወቅ ሕግ ነው፤ ዘመነችን ጉድ የሠራት ግን ይኸው ነው።

መጀመሪያ የመጣው የግቢው አከራይ ጋሽ ፀሐዬ ነበር። መጣ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ከውሃ ሮቶው አጠገብ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ሮቶው አዙሮ፣ አንድ ጥቁር መነጽር ድንጋይ ላይ አስቀመጠ።

«ዘመነች፣ ይቺን አድርጊያት። ግቢው ውስጥ ሕፃናት አሉ።»

«ጋሽ ፀሐዬ፣ የእኔ እኮ ሌላ ነው። ራሴን ለሁለት ይፈልጠኛል። እስኪ ይዩልኝ።»

«የሁሉም ያማል ልጄ» አለ ለሮቶው።

የሁሉም አያምም። የጎረቤቶቿን ዓይን በጤናዋ ጊዜ አይታዋለች፤ ያለቅሳል፣ ይቆረቁራል፣ በዓይን አር ተጣብቆ ያድራል እንጂ ሰዎቹ ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ሰው ያማሉ። የእሷ አር የለውም። ሕመሙ ከቅንድቧ ተነሥቶ ማጅራቷ ድረስ ይዘልቃል። ማታ አምፖሉን ስታይ ዙሪያውን ቀስተ ደመና ከቦት ነበር፤ የቀመሰችውንም ሁሉ አስመልሷታል። ይህን ለማን ትንገር? ለሮቶ?

መነጽሯን አድርጋ ማዞሪያው ጋ ወዳለው መድኃኒት ቤት ወረደች። ባለሙያው ታዲዮስ ገና ከበሩ ሲያያት እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። አንድ የዓይን ጠብታ የባንኮኒው መስታወት ላይ አስቀመጠና በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አደረገላት።

«የሰፈሩ ነው እናቴ። በቀን አራቴ ጠብ ያድርጉበት።»

«ሳታየው እንዴት አወቅከው?»

«ከጠዋት ጀምሮ ስሸጥ የዋልኩት ይሄንኑ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ።

ወይ ነዶ! ሰው ጫማ ሲያሰፋ እንኳ ሰፊው ቀዳዳውን ገልብጦ ያያል። የእሷ ዓይን ከጫማ አነሰ።

ጠብታው ምንም አልፈየደላት። ከሁሉ የባሰው ግን ሲመሽ መጣ። ማርቆስ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሥራ ውሎ ገባና ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ሾርባ በዱካ ላይ አኖረላት።

«እማ፣ ነገ ይሻልሻል። እኔ ከታመምኩ መኪናዋ መቆሟ ነው እኮ።»

«ማርቆስ፣ በቀኙ ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል። ገባ ብለህ እየኝ።»

«ጠብታውን አድርጊና ተኚ እማዬ፣ በሞቴ።»

እንግዳ ቢላት ባልቆጨት። ኩፍኝ ሲወጣበት ፊቱን በምላሷ ብትልሰው የማትጠየፍ እናት ናት። ያን ሌሊት ዓይኗ የቱን ያህል እንዳመማት ብትረሳ፣ ያ መጋረጃ ሳይነቃነቅ ማደሩን አትረሳም።

ሲነጋ ግድግዳ እየያዘች ጤና ጣቢያ ሄደች። ተረኛዋ ነርስ ራሷ መነጽር አድርጋለች። ዓይናቸው የቀላ ሁሉ ውጭ አግዳሚው ላይ ይቀመጡ ብላ አዘዘች። ዘመነች ተራዋ ደርሶ መነጽሯን ላውልቅ ስትል፣ ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«አያውልቁት እናቴ፤ ይጋባል። ጠብታ ጀምረዋል አይደል? እሱኑ ይቀጥሉ።»

ዓይን ሳያዩ ዓይን ማከም! ሐኪም ፊቱን ካዞረ በሽተኛ ወዴት ይዙር?

ዘመነች አግዳሚው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ምን እንደነካት እንጃ፣ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችው። ከፊቷ የነበረው የጽድ ዛፍ የለም። አጥሩም፣ ሰዉም የለም። ነጭ ጉም ብቻ ነው። እጇን አነሣች፣ ጽዱ ተመለሰ። ደግማ ሸፈነች፣ ጠፋ። ንዴቱ ራሱ አስነሣት። መነጽሩን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችና ወደ ዓይን ሆስፒታል የሚሄድ ታክሲ ተሳፈረች። የኋላው ወንበር በሙሉ ለእሷ ብቻ ተለቀቀላት። በኮልፌ ታክሲ፣ በጠዋት! ሰው ይህን ያህል ክብር የሚሰጠው ሊቀብር ሲሄድ ብቻ ነው።

እዚያ የተቀበለቻት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። አገጯን በእጇ ያዝ አድርጋ «ወደ እኔ ይዩ» አለቻትና ፊት ለፊት አየቻት። መብራት አበራችባት፤ የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ቀርቷል፣ ለመብራቱ አይነቃነቅም። የዓይኗን ቆብ በጣቷ ጫን ስትለው ዓይኗ እንደ ጠጠር ጠንክሯል። በመሣሪያ የዓይኗን ግፊት ለካች።

«መብራት ዙሪያ ቀለም ይታይዎት ነበር? አስመልሶዎታል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው እናቴ፣ ያን ዕለት ቢመጡ ኖሮ።»

«መጥቻለሁ እንጂ!» አለች ዘመነች፤ የታመቀው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «ሁሉም ዘንድ ሄጃለሁ። ከአከራዬ እስከ ነርስ ድረስ ለምኛለሁ። የሚያየኝ ሰው አጥቼ ነው።»

ግላኮማ ነው አለቻት፤ ያውም ድንገተኛው። በዓይን ውስጥ ያለው ውሃ መውጫው ሲዘጋበት ግፊቱ ያይልና ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይጨፈልቀዋል። ሰዓት የማይሰጥ በሽታ ነው። ያኔውኑ ኪኒን አስዋጧት፣ ጠብታ አደረጉላት፣ በክንዷ መድኃኒት ሰቀሉላት፤ ግፊቱ ሲወርድ በጨረር ቀዳዳ አበጁለት። ሕመሙ ለቀቃት። የቀኝ ዓይኗ ብርሃን ግን ሄዷል፣ አይመለስም። ግራውም በዚያው መንገድ ላይ ስለነበር ሳይቃጠል በቅጠል ብለው እሱንም በጨረር ሠሩላት። ለምስሩ አንድ ቀረላት።

«ያ የሰፈሩ ሕመምስ በማየት ነው የሚጋባው?» ብላ ጠየቀች ከመውጣቷ በፊት።

«በእጅ፣ በፎጣ፣ በትራስ ነው የሚጋባው። ሰው በማየት ሰው አይታመምም» አለቻት።

ከተመለሰች በኋላ ሱቋን ሳትከፍት ሰነበተች። አንድ ማታ ማርቆስ በጊዜ ገባና መብራት ሳያበራ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ። ያንኑ የጋሽ ፀሐዬን መነጽር ከቦርሳዋ አውጥቶ አድርጎታል። ገባት።

«ዙር» አለችው።

«እማ፣ አትዪኝ። የቀረሽ አንድ ዓይን ነው።»

«ዙር አልኩህ።»

መብራቱን አበራች። መነጽሩን ከፊቱ ላይ አነሣችና አገጩን ያዝ አድርጋ፣ ሐኪሟ እንዳየቻት አየችው። አር አለው። ይቆረቁራል እንጂ ራሱን አይፈልጠውም። አንዱን ዓይን ሸፍና የግድግዳውን ካላንደር አስነበበችው፣ ሌላውንም እንዲሁ። አጥርቶ አነበበ።

«የአንተ የሰፈሩ ነው። እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ፎጣህን ለይ፣ የመኪናህን መሪ ጥረገው። ራስህን ካመመህ ወይም ከደበዘዘብህ ግን ያኔውኑ ትነግረኛለህ።» አገጩን አልለቀቀችውም። «እኔም የለመንኩህ ይህችኑ ነበር፣ ማርቆስ። ይህችኑ ብቻ።»

ማርቆስ ቀና አለና ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ የእናቱን ቀኝ ዓይን ትክ ብሎ አየው። ያ ዓይን ግን እሱን አላየውም።