ጤናዬ ያላለቀሰችበት ለቅሶ

ጤናዬ የእህል በረንዳ ልጅ ናት። አባቷ ጋሼ ዱባለ ጤፍና ስንዴ በጅምላ ይሸጣሉ። በንጉሡ ዘመን ሴት ልጅ ቁምጣ ለብሳ ሜዳ መውጣቷ ገና ሲያስወራ፣ እሷ በመምህራን ኮሌጁ ቅርጫት ኳስም መረብ ኳስም ትጫወት፣ ከፍታም ትዘል ነበር። ቁምጣውን የሰፉላት እናቷ እትዬ አስናቀች ናቸው። አባቷ ግን አንድም ቀን ሜዳ ሄደው አላዩዋትም፤ ስለ ጨዋታ ከተነሳም ወሬ ይለውጣሉ።

እናቷ ታመው ቤት ሲተኙ እሷ ኮሌጁ አዳሪ ቤት ነበረች። በኮሌጆች ውድድር ቀን ጠዋት ቅርጫት ኳሱን አሸነፉና ወዲያው ወደ ዝላዩ አለፈች። ወንድሟን ውብሸትን ከተመልካቹ መሃል አየችው። እንጨቱን ባለፈች ቁጥር ያጨበጭብላታል። አንደኛ ወጣች።

«እማዬ ተሻላት?» አለችው ሹራቧን እየለበሰች።

«ነይ፣ ታክሲ ቆሞልናል።»

ሰይቸንቶ ታክሲዋ መርካቶ ውስጥ ሰባተኛን አልፋ ወደ ሰፈራቸው ስትታጠፍ ድንኳን አየች። ማንም ሳይነግራት ገባት። እናቷ ጎህ ሲቀድ አርፈው፣ ቀብሩ እሷን እየጠበቀ ነበር።

አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። እሷ ቆማ ታያለች። የሚሰማት ጫማዋ ውስጥ የቀረው አሸዋ ብቻ ነው።

«ምን ዓይነት ደረቅ ልጅ ናት!» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ አበራሽ፣ እንድትሰማ አድርገው።

በሠልስቱ ውብሸትን ለብቻው አገኘችው።

«ስታጨበጭብልኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንዴት እጅህ ታዘዘልህ?»

«አባባ ነው ትጨርስ ያለኝ። ከጀመረች አታቋርጧት አለ። ዝም ብዬ ብቆም ደግሞ ታውቂብኝ ነበር።»

ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣውም አልመጣ አላት። «እሺ» አለችና ለእንግዶች ውሃ ልትቀዳ ተነሳች።

ከአርባው በኋላ አሰልጣኟ አቶ ወልደሚካኤል ሊጠይቋት መጡ። «ዝላዩ ይቅር ካልሽ ይቀራል። ቡድኑ ግን ያለ አንቺ አልሆነም» አሏት።

«ዝላዩ ይቅር።»

ከዚያ ወዲህ ዘላ አታውቅም። ወደ ኳሱ ግን ተመለሰች። ከሏን አውልቃ ነጩን ቁምጣ ትለብሳለች፤ ሲያልቅ መልሳ ከሏን ትለብሳለች። ኳስ ስታገባ ጓደኞቿ ያቅፏታል። ክንዳቸው ይሰማታል፣ ሌላ ምንም።

በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ጋሼ ዱባለ መደብራቸውን ዘግተው መጡ። ጥቁር ካባቸውን እንደደረቡ ሜዳው ዳር ቆሙ። ጤናዬ ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመች።

«የምታገቡት በየትኛው ነው?» አሏት ቅርጫቶቹን እያዩ።

«በዚያኛው፣ አባባ። ከእረፍት በኋላ በዚህኛው።»

«ለምን ይቀየራል?»

«ሕጉ ነው።»

«በይ ሂጂ፣ ይጠብቁሻል።»

ያን ቀን ተሸነፉ። አባትና ልጅ በእግራቸው ወደ መርካቶ ሲመለሱ ጋሼ ዱባለ ስለ ጨዋታው አንድ በአንድ ጠየቋት። እሷም በተጠየቀችው ልክ እየመለሰች አብራቸው ሄደች።