የክንፈሚካኤል ሰርግ፣ ዲስክ አንድ

እኔ ያረጀ ዕቃ አልወድም። ይህን ሚስቴ ከምታወራብኝ በፊት ራሴው ብናገረው ይሻላል። ጊዜ ያለፈበት ነገር ቤቴ ውስጥ ተከምሮ ሳይ ደሜ ይፈላል። እሷ ደግሞ የተሰነጠቀ ብርጭቆ እንኳ መጣል አይሆንላትም። እንዲህ ሆነን ነው አሥራ አምስት ዓመት የኖርነው።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሱቄ ከዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ሰርግ ስቀርፅ ኖሬአለሁ። የካሜራው ካሴት እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የአንዱን ሰርግ ዲስክ ላይ ገልብጬ ስጨርስ የሚቀጥለውን እዚያው ካሴት ላይ እቀርፅበታለሁ። ስለዚህ ከሰርጉ የሚተርፈው ዲስኩ ብቻ ነው፤ አንድ ሰርግ ሦስት ዲስክ ያህል ይፈጃል። አንዱን ቅጂ ለባለ ሰርጉ እሰጣለሁ፤ ሌላውን ያምሮት፣ ሚስቴ፣ የሙሽራውን ስም፣ አገሩን፣ ወሩንና የዲስኩን ተራ ቁጥር በጥቁር እስክሪብቶ ጽፋበት ታስቀምጠዋለች። ማንም አላዘዛትም። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ዲስኮቹን አንድ በአንድ እያወጣች በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል አገኛታለሁ።

"የማታውቂውን ሰው ሰርግ እንዲህ የምትወለውይ፣ የራስሽን ቢሆን ምን ልታደርጊው ነው?" እላታለሁ።

"የራሴንማ የቀረፀው ሰው ሰነፍ ነበር፤ ሙሽራውን ብቻ ነው ያሳየው" ትለኛለች። ሙሽራው እኔ ነኝ እንግዲህ።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። አገሩ ሁሉ ሞባይል ያዘ። የገበያ ቀን ከቡሬ፣ ከጂጋ፣ ከገጠሩም የሚመጣው ወጣት ዘፈንና ፊልም ሊያስጭን "ሚሞሪ ሙላልኝ" እያለ ሱቄ በር ላይ ይሰለፋል። ሁለት ሺህ አራት ላይ ኮምፒዩተር ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ቁጭ ብዬ ያምሮት ያስቀመጠቻቸውን ዲስኮች በሙሉ ገለበጥኋቸው። መቶ ሰማንያ ሰርግ ከጡብ በማትበልጥ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ገባልኝ። እንደ ኮራሁ አልደብቅም። ያምሮት ግን ያችን ሳጥን አገላብጣ አየቻትና "እኔ እጄ ያልጨበጠውን ነገር አላምንም" አለችኝ። ሳቅሁባት።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ወንድም ጋሼ ክንዱ ሱቅ ብቅ አሉ። ከላህ ወንዝ ማዶ ዳጉሳ ይዘራሉ፤ ወፍ አስመርሯቸዋል። ጎረቤታቸው ማሳው ላይ ዲስክ ሰቅሎ፣ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ወፉ ድርሽ እንዳላለ ነገሩኝ። "እዚህ የወዳደቀ ካለህ?" አሉኝ። የወዳደቀ! በሁለት ማዳበሪያ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ያምሮት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። እኔም "ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ፣ ምን ሆነሻል?" እያልሁ ያችን ሳጥን መታ መታ አደርግላት ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ሳጥኗ ጠበበች። ፊልሙ፣ ዘፈኑ፣ ድራማው፣ ሰው የሚጠይቀው ሁሉ ቦታ ይፈልጋል። የገጠሩን ሰርግ ደግሞ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለዚህ አጠፋሁት። ባለማወቅ አይደለም፣ ቫይረስም አልበላብኝም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ አንድ በአንድ አጠፋሁት። ለያምሮት አልነገርኋትም።

በኅዳር ሁለት ሺህ ሰባት አንዲት እናት ሱቄ ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀውታል። ፀጉራቸው ከተላጨ ገና ብዙም አልቆየም።

"ናሁሰናይ የሚሉህ አንተ ነህ?"

"ነኝ፣ እናቴ። አረፍ ይበሉ።"

"እህተ ማርያም እባላለሁ። ከቋሪት ነው የመጣሁ፣ ከገበዝ ማርያም። የልጀን ሰርግ ያነሳህልን አንተ ነበርህ። በዘጠና ዘጠኝ፣ በጥር። ክንፈሚካኤል።"

አላስታወስሁትም። አስታወስሁ አልኋቸው።

"መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ ወባ ገደለብኝ። እዚያው ቀበሩት። መርዶውን የሰማሁ ከተቀበረ በወሩ ነው። አስከሬኑን አላየሁ፣ መቃብሩን አላየሁ።" እንባ የለም፤ ድምፃቸው ብቻ ደክሟል። "እኛ ዘንድ የነበረውን ዲስክ አማቾቹ ተዋሱን፣ እነሱም ለሌላ አዋሱት፣ በዚያው ቀረ። ካንተ ዘንድ አይጠፋም አሉኝ።"

"ምኑን ማየት ፈልገው ነው፣ እናቴ?" አልሁ። ጊዜ ለመግዛት ነበር።

"ማየቱንስ ባላየውም ግድ የለኝ። ያን ለት ሙሽራይቱን ሊያመጣ ሲወጣ ጉልበቴን ስሞ፣ ቀና ሳይል፣ አንድ ነገር ተናገረኝ። ከበሮው፣ እልልታው፣ ጭፈራው በላውና አልሰማሁትም። ምን አልኸኝ ልለው ስል ሚዜዎቹ ይዘውት ወጡ። ኋላ እጠይቀዋለሁ ስል፣ ዛዲያ አዝመራው መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ኑሮው መጣ፤ ሳልጠይቀው ሰባት ዓመት አለፈ። አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። አንተ ያን መሣሪያህን አፉ ሥር ደቅነህ ነበር። መሣሪያው ሰምቶት ይሆናል ብየ ነው።"

ኮምፒዩተሩን ከፈትሁ። እንደሌለ እያወቅሁ ፈለግሁ። ስሙን ጻፍሁ፣ አገሩን ጻፍሁ፣ ወሩን ጻፍሁ። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለዋል፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል።

ያምሮት ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

"አጠፋኸው?" አለችኝ።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም፤ ነጠላዋን ለበሰችና "ተነሥ፣ ጋሼ ክንዱ ዘንድ እንሂድ" አለች።

ሦስታችንም በባጃጅ እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ዳጉሳው ደርሷል። በማሳው ዙሪያና መሐል ለመሐል ገመድ ተወጥሮ ዲስኮቹ ተሰቅለዋል። ጋሼ ክንዱ ድምፅም እንዲያወጡ ብለው ጥንድ ጥንድ አድርገው ነበር ያሰሯቸው፤ ከሁለት ዓመት በላይ በነፋስ እርስ በርስ ሲጋጩ፣ ሲፋቁ ኖረዋል። እንዲያም ሆኖ ወፉ ለምዷቸው ገመዱ ላይ ያርፋል።

እትዬ እህተ ማርያም ከማሳው ዳር ቆመው ቀና ብለው አዩ።

"እኒህ ሁሉ የሰው ሰርግ ናቸው?" አሉኝ።

ጋሼ ክንዱ ነገሩ ሲገባቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬቱን አዩ።

እየፈታን ማገላበጥ ጀመርን። የአብዛኛው ጽሑፍ በፀሐይና በዝናብ ለቅቋል። ያምሮት ግን እስክሪብቶዋ የተጫነበትን ስርጉድ በጥፍሯ እየዳሰሰች፣ ወደ ብርሃኑ እያዘነበለች ታነባለች። የማላስታውሳቸውን ሰዎች እሷ ታስታውሳለች። "ይኸ የጂጋው ነው፤ ሙሽራይቱ እያለቀሰች የወጣች" ትላለች። "ይኸ ደግሞ ዝናብ የመታው ዳስ።" እኔ ቀረፅኋቸው እንጂ፣ እሷ ነበረች ያየቻቸው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የክንፈሚካኤልን ሦስተኛ ዲስክ አገኘን፤ የምንፈልገው ግን መጀመሪያውን፣ ከቤት ሲወጣ የሚያሳየውን ነበር። ብዙ ቆይታ ያምሮት ከወዲያኛው ጥግ ጮኸች። "ክንፈሚካኤል፣ ቋሪት፣ ጥር ዘጠና ዘጠኝ፣ አንድ!"

እትዬ እህተ ማርያም ዲስኩን ተቀብለው ሳሙት፣ ግንባራቸውንም አስነኩት።

ሱቅ ገብተን በሳሙና አጥቤ ማጫወቻው ውስጥ ከተትሁት። ተንገጫገጨ፣ ቆመ፣ እንደገና ተነሣ። ሥዕሉ መጣ። ዳሱ፣ አንጥፈው የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ከበሮ የታጠቀች ልጅ። ቀጥሎ ክንፈሚካኤል ትከሻው ሰፋ ያለ ኮት ለብሶ ከጎጆው ወጣ። አንዴ ወደ ካሜራው አየና አፈረ።

"ያው" አሉ እናቱ። "ያውና ልጀ።"

ወደ እሳቸው ሄደ። ጎንበስ አለ። ካሜራውን አስጠግቻለሁ፤ ማጅራቱና የእሳቸው ጉልበት ይታያል። ሥዕሉ ተቆራረጠ፣ አረንጓዴ ሆነ። ድምፁ አንዲት ቦታ ላይ ተይዞ ተንተባተበ። ከዚያ የሙሽራው መኪና መንገድ ላይ ሲሄድ አሳየን።

መለስሁት። እዚያው ደረሰ፣ ዘለለ። የጎረቤቴን ማጫወቻ ተውሼ ሞከርሁ፣ በኮምፒዩተሩ ሞከርሁ፣ ደግሜ አጠብሁት። ሰባት ጊዜ ልጃቸው ጎንበስ አለ፣ ሰባት ጊዜ መኪናው መጣ። በስምንተኛው ማጫወቻው ዲስኩን አላውቀውም አለ።

እትዬ እህተ ማርያም ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ? አንተ እዚያው ነበርህ። ከኔ ይልቅ ለአፉ ትቀርብ ነበር። ምን አለኝ?"

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ የማስበው ባትሪዬ ማለቁን ይሆናል፤ ወይም ምሳዬን። ይህን ለእሳቸው ማለት አቃተኝ። ፊታቸውን ሳየው፣ አንዲት ነገር ይዘው ይሂዱ ብዬ፣ ሙሽሮች ሁሉ የሚሉትን ከአፌ አወጣሁ።

"'እማዬ፣ ለዚህ ያበቃሽኝ አንቺ ነሽ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ' ነው ያለዎት።"

ያምሮት አቀረቀረች።

"እማዬ አለኝ?"

"አዎ።"

"በጆሮህ ሰማኸው?"

"በጆሮዬ።"

በርጩማውን ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

"ክንፈሚካኤል አፉን ከፈታ ጀምሮ እታታ ነው የሚለኝ" አሉ። "አንድ ቀን እማየ ብሎኝ አያውቅም።"

"እትዬ፣ ምናልባት የዚያን ዕለት..."

"ተው፣ ልጀ። አዝነህልኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ባታደርገው ይሻል ነበር። እስተዛሬ ባልሰማውም ባዶ ቦታው የሱ ነበር። እንዲህ ብሎኝ ይሆን፣ እንዲያ ብሎኝ ይሆን እያልሁ፣ በራሱ ድምፅ ነበር የማስበው። ካሁን ወዲያ ጎንበስ ባለብኝ ቁጥር ያንተ ቃል ይመጣብኛል።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ወደ አገራቸው የሚያደርሳቸው የጂጋ መኪና እንዳያመልጣቸው ያምሮት ይዛቸው ወጣች። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ደንበኞች በር ላይ ቆመው ሚሞሪያቸውን እንደ ያዙ አዩኝ፤ ማንም ሙላልኝ አላለኝም።