ዶሮ ባልዲ

በዚያ ክረምት ቤታችን ውስጥ ወንበርና ባልዲ ተጣሉ።

የወንበሩ ወገን ባለቤቴ ኃይለጊዮርጊስ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ዛሬም የመብራት ደረሰኝ ሲመጣ ቁጥርና ቀን ካልጻፈበት እንቅልፍ አይወስደውም። የባልዲው ወገን ደግሞ የልጅ ልጃችን አክሱማዊት ናት። እናቷ አዳማ ስለምትሠራ ያደገችው እኛ ጋ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ዓመት ሆናት፤ እስክታገኝ ብላ የባልዲው ፓርቲ በጎ ፈቃደኛ ሆነች። ወንበርና ባልዲ የምርጫ ምልክቶች ናቸው። የእኛ ክልል ምርጫ ወደ መስከረም ተላልፎ ስለነበር፣ ሌላው አገር መርጦ ሲያርፍ ጅግጅጋ ገና ግድግዳ ላይ ወረቀት ትለጥፋለች።

«ወንበር ማለት መረጋጋት ነው» ይላታል። «ሰው ቁጭ ብሎ ሲያስብ ነው አገር የሚሆነው።»

«አርባ ዓመት ቁጭ ብላችሁ አሰባችሁ እኮ አባባ። ውሃው ግን አሁንም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው።»

«ውሃ ከሌለ ታዲያ ባልዲው ምን ይቀዳል?»

«ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ካለ መቅጃው አይጠፋም።»

እዚህ ላይ ቢያቆሙ መልካም ነበር። አላቆሙም። አክሱማዊት ወንበር ላይ አልቀመጥም ብላ ጀሪካን ላይ እየተቀመጠች መብላት ጀመረች። እሱ ደግሞ ባልዲ አልነካም ብሎ ገላውን በማንቆርቆሪያ ይታጠባል። ሰውየው ረጅም ነው፤ ማንቆርቆሪያዋ ትንሽ ናት። አንድ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሙሉ ሳሙናው ላዩ ላይ ደርቆ ስመላለስለት ዋልኩ። ብርድ ይመታዋል ብዬ የተጨነቅሁትን አምላክ ያውቃል።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ነገሩ ከረረ። ባልዲ የተሣለበትን ቲሸርት ለብሳ ምሳ ቀረበች።

«ይህን ለብሰሽ ከእኔ ጋር ማዕድ አትቀርቢም» አላት።

«ጥሩ። እንቁጣጣሽን ውዬ ድሬዳዋ ጓደኛዬ ሔለን ጋ እሄዳለሁ። እዚያ ምልክቴን የሚጠላ የለም» አለችና ቦርሳዋን ከአልጋ ሥር አወጣች።

ሰው ድሬዳዋ የሦስት ሰዓት መንገድ ናት ይለኛል። ለእኔ ሦስት ሰዓት ብዙ ነው። ከሐምሌው ግርግር ወዲህ፣ በሁለት ሺህ ዐሥር ይህችን ልጅ ነጠላዬ ሥር ሸሽጌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሦስት ቀን ካደርን ወዲህ፣ ከዓይኔ ስትርቅ ልቤ ቦታውን ይለቃል። ገበያ ሄዳ ዐሥር ደቂቃ ከቆየች እደውላለሁ። «እማማ፣ አሁን ዘጋሽው እኮ» ትለኛለች። ድሬዳዋ ከሄደችማ ስልኩም እኔም እንቃጠላለን።

አንድ ዘዴ ብቻ ታየኝ። በዚህ ቤት ዶሮ ወጥ ቀርቦ ተለይቶ የበላ ሰው የለም። ሁለቱም ለፈረሰኛው ሲሻሙ ነው ዓመት በዓሉ የሚያልፈው። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ከተገኘ ከአንድ ትሪ ይቀርባሉ፤ ከቀረቡ ይነጋገራሉ፤ ከተነጋገሩ ቦርሳው ወደ አልጋው ሥር ይመለሳል። ገበያ ወጥቼ ዋጋ ጠየቅሁ፤ መልሱን እንደሰማሁ ነጋዴውን ሳልሰናበት ተመለስኩ።

ጳጉሜን አራት ቀን ረፋድ ላይ ወደ ሰፈራችን የቅስቀሳ መኪና ገባ። ማይክራፎኑ በሶማልኛ ይጮኻል፦ ዶሮ ባልዲ፣ ዶሮ ባልዲ፣ ዶሮ ባልዲ።

እዚህ ላይ ስለ ሶማልኛዬ ልናገር። የተወለድኩት አፍደም ነው፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። የእኔ ሶማልኛ የባቡር ጣቢያ ሶማልኛ ነው፤ ባቡሩ እስኪነሳ ለመሸጥና ለመግዛት የሚበቃ፣ ከዚያ የማያልፍ። በአፍደም ጣቢያ ደግሞ ሶማሌውም አማራውም ዶሮን ዶሮ ነው የሚለው። ስለዚህ የሰማሁትን ሰማሁ፤ ፓርቲው ለበዓሉ ዶሮ በባልዲ እያደለ ነው። አክሱማዊት ለምን ደበቀችኝ ብዬም ትንሽ ተቀየምኩ።

በሩ ተንኳኳ። ዐብዲረዛቅ የሚባለው የጨርቅ ነጋዴና ነስራ፣ የአክሱማዊት የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ከመኪናው ወርደው ቆመዋል። ነስራ ስልክ ተደውሎላት ወደ መኪናው ተመለሰች፤ እሱ ደብተር አወጣ።

«ኤዶ፣ ዶሮ ባልዲ» አለኝ። ኤዶ አክስቴ ማለቱ ነው። እነሱ አንቱ አይሉም፤ ፍቅራቸው በአንቺ ነው።

«እሺ የኔ ልጅ። ኢሚሳ?» አልኩት፤ ስንት ነው ማለቴ ነው።

ሳቀ። «ምን ኢሚሳ አለው? ነፃ ነው ኤዶ። ነፃና ፍትሐዊ።»

ፍትሐዊውን እንጃ፤ ነፃውን ግን በደንብ ሰማሁ። ቢሆንም ሰው ነፃ ሲባል በሽተኛውን ነው የሚሰጠው። «ጤነኛ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በጣም ጤነኛ። ጉናጋዶ ድረስ ዞሮ ነው ትናንት የመጣው።»

ከዚያ ሩቅ አገር ድረስ ማስመጣታቸው ገረመኝ። «መልኩስ? ለዓመት በዓል ቀይ ነው ደስ የሚለኝ።»

«ቀይ ነው። እናቱ የሐረር ናት።»

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው ኤዶ። ሴትም አለችን፣ እሷ ግን ለሌላ ወረዳ ናት።»

«ትልቅ ነው ወይስ ገና ጫጩት ነው?»

ትንሽ አሰበ። «አርባ ስምንት ዓመቱ ነው» አለ።

እኔ አርባ ስምንት ሳምንት ሊል የፈለገ መሰለኝ። አማርኛው ስብርብር ስለሚል አላረምኩትም። «በሉ ነገ ከምሳ በፊት አምጡልኝ። ከነነፍሱ ይሁን፤ እኛ ቤት ራሳችን ነው የምናርደው።»

ፊቱ በራ። «ታርጂለታለሽ? ለሱ? እሺ፣ እኔ ራሴ አመጣዋለሁ።»

«እግሩን ግን እሰሩት።»

«እግሩን?»

«እንዳያመልጥ ነዋ። ካመለጠ ማን ያገኘዋል?»

ዐብዲረዛቅ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። «እውነትሽን ነው ኤዶ። አንዴ ከተመረጡ አይገኙም» አለና ደብተሩ ላይ ጻፈኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ኃይለጊዮርጊስ ቢሰማ የባልዲ ዶሮ ቤቴ አይገባም ይላል። ድምፄን በዶሮ ሸጥኩ ይሆን ብዬም ተጨንቄያለሁ፤ ለነፍስ አባቴ ልንገር፣ አልንገር ስል ነበር። በማግስቱ ማለዳ ግን ሽንኩርቱን ከትፌ በርበሬውን አቁላላሁ። አክሱማዊት ሽታው ስቧት መጣች።

«ዶሮው የታለ እማማ?»

«ይመጣል።»

«ከየት?»

«ከጉናጋዶ» አልኳት። ግንባሬን በእጇ ዳሰሰች።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ዐብዲረዛቅ ከፊት፣ ነስራ ባልዲ ይዛ ከኋላ፣ መሀላቸው ራሱ የበሩን ጉበን የሚነካ ቀይ ሰውዬ። አክሱማዊት ጀሪካኗ ላይ እንዳለች ደርቃ ቀረች። «አቶ አደን?» አለች። የባልዲው ፓርቲ ዕጩ ነው።

«ኤዶ፣ እንዳልሽው አመጣነው» አለኝ ዐብዲረዛቅ። «እግሩን ብቻ አላሰርነውም።»

ኃይለጊዮርጊስ ከተቀመጠበት ተነሳ። ግን እንግዳ ነው፣ በሩን አልፏል፤ ምን ያድርግ? «ቤት ለእንግዳ» አለና የራሱን ወንበር ገፋለት። አቶ አደን አመስግኖ ተቀመጠ።

ባለቤቴ ወደ አክሱማዊት ዞረ። «ተቀመጠ» አላት። «ወንበር ላይ።» በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«ሲዞር ውሎ ደክሞት ነው አባባ። የእናንተው መች ዞሮ ያውቃል» አለችው።

እኔ ይህን ሁሉ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። ዓይኔ የነስራ ባልዲ ላይ ነው። ቀረብ ብዬ አየሁ፤ ወረቀት ብቻ ነው የሞላው።

«ዶሮውስ?» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ዶሮ?» አለ አቶ አደን፣ በጥሩ አማርኛ።

«በመኪና ስትጠሩት የነበረው። ዶሮ ባልዲ ስትሉ። ቀይ ነው፣ ወንድ ነው፣ ጤነኛ ነው ብሎኛል ይሄ ልጅ። ሽንኩርቴን አቁላልቼ ነው የምጠብቀው።»

ነስራ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። «እማማ እናትአለም፣ ዶሮ በሶማልኛ ምረጥ ማለት ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ዶሮ ባልዲ፣ ባልዲን ምረጥ።»

«አፍደም ዶሮ ነው» አልኩ።

«ሁለቱንም ነው፤ ዶሮም ነው፣ ምረጥም ነው።»

አቶ አደን ወደ ዐብዲረዛቅ ዞረ። «ታርድልሃለች ያልከኝ እኔን ነው እንዴ የምታርደው?»

መጀመሪያ የሳቀው ኃይለጊዮርጊስ ነው። እኔ እዚያ ሰው ውስጥ ሳቅ እንዳለ ረስቼ ነበር። ወንበር ስላጣ ሄዶ የአክሱማዊት ጀሪካን ጠርዝ ላይ ተቀመጠና እያለቀሰ ሳቀ፤ እሷም ትከሻው ላይ ተደፍታ ትንፈራፈራለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከሶማሌ ጋር እየኖረች ይላል፤ እሷ ደግሞ ጫጩት ነው ወይ ብላው ይሆናል ትላለች። ዐብዲረዛቅ ብላኛለች ብሎ መሰከረብኝ።

አቶ አደን እንባውን ጠርጎ «በሉ፣ አሁኑኑ ሁለት ዶሮ ይላክ» አለ።

«አይላክም» አለ ባለቤቴ፣ ድንገት የመዝገብ ቤት ሰው ሆኖ። «በቅስቀሳ ወቅት ለመራጭ የተሰጠ ዶሮ ጉቦ ነው። ቁጥር ሰጥቼ ነው ለቦርዱ የማቀርበው።»

«እውነቱን ነው፣ አይላክም» አለች አክሱማዊት። «እኛ ድምፅ አንገዛም።»

በዚያ ክረምት በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የተስማሙትም እኔን ዶሮ በማሳጣት ነው።

እንቁጣጣሽ ቀን ያንኑ ወጥ በእንቁላል አቀረብኩ። ዶሮ የሌለው ዶሮ ወጥ። ሁለቱ ከአንድ ትሪ በሉ፤ እየተጎራረሱ እኔን ሲያብጠለጥሉ ዋሉ። ፈረሰኛው ስለሌለ ለእንቁላሉ ተሻሙ። እኔ ግን በሩን በሩን ነው የማየው፤ ቦርሳው ተሞልቶ በሩ ጥግ ቆሟል።

እጁን ታጥቦ ሲጨርስ ኃይለጊዮርጊስ እሷን ሳያይ ተናገረ። «መኪናሽ ስንት ሰዓት ነው?»

«ነገ በጠዋት።»

«ካርድሽ የተመዘገበው እዚህ ነው። ድሬዳዋ ሆነሽ መምረጥ አትችዪም። እስከ መስከረም ሃያ ካልተመለስሽ ድምፅሽ ይቀራል።»

አክሱማዊት ፎጣውን እንደያዘች ቆመች። «ከቀረ ለአንተ አይጠቅምም እንዴ?»

«ይጠቅማል።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

«በቀረ ሰው ማሸነፍ ምን ማሸነፍ ነው» አለና ሬዲዮውን ከፈተ።

ልጅቱ ፎጣውን ሰቀለች። ወደ በሩ ሄደች። ትወጣለች ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ። ጎንበስ ብላ የቦርሳውን ዚፕ ከፈተችና የጥርስ ብሩሿን ብቻ አወጣች።

«ሌላውስ?» አልኳት።

«እማማ፣ ሌላው እስከ ምርጫው ባለበት ይቆይ።»

«ከምርጫው በኋላስ?»

«እናያለን።»

እናያለን ማለት እሺ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን እስከ ምርጫው ዐሥራ ዘጠኝ ሌሊት አለ። ዐሥራ ዘጠኙንም በአንድ ጣሪያ ሥር ታድራለች፤ የቀረውን ጭንቀት ለጥቅምት አስተላለፍኩት።