ለዋሽንግተኑ እንግዳ የተተወ ወንበር

ወርቅውሃ በላስ ቬጋስ አንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ምግብ ማቅረብ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ የዚያን ቀን ግን ልቧ የልጇ ትምህርት ቤት ያለበት ሜዲካል ዲስትሪክት ነበር። ሕክምና መማር የጀመረችው ልጇ እምነት ከምሳ በኋላ በሥነ ሥርዓት ነጭ ጋዋን ትለብሳለች። የሚያለብሱት ደግሞ ወላጆች ናቸው። አባትየው በሕይወት የሉም፤ እናትየዋ ካልደረሰች እጅጌውን የሚይዝላት ባዕድ ሰው ነው።

የአዳራሹ አለቃ ሶፎንያስ ደግ ልጅ ነው። «ወርቅዬ፣ ዋናውን ምግብ ሰርቭ አድርጊና ሂጂ። የቀረውን ሺፍት እኔ ከቨር አደርግልሻለሁ» ብሏታል።

ችግሩ እንግዶቹ ነበሩ። አሥራ ሁለት የአውሮፓ ሹማምንት፣ ከአሜሪካ ጥገኝነት እንዴት እንላቀቅ ብለው ሊመክሩ አሜሪካ ድረስ መጥተዋል። እዚያው አገራቸው ለምን አልመከሩም ብሎ መጠየቅ የአስተናጋጅ ሥራ አይደለም። ጠዋት ውሃ ስትቀዳላቸው ሰምታቸዋለች፤ የጦር አውሮፕላኑ መለዋወጫ ከአሜሪካ፣ ሳተላይቱ ከአሜሪካ፣ የመሥሪያ ቤታቸው ኮምፒውተር የሚሠራበት ፕሮግራም ከአሜሪካ፣ ልጆቻቸው የሚያዩት ፊልም እንኳ ከአሜሪካ። ረጅሙ ሊቀመንበር «በቃ!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ የያዘችው ጆግ ሊያመልጣት ነበር። ጎበዝ፣ ወንድ ማለት እንዲህ ነው አለች በልቧ።

ምሳ ሲደርስ ግን ጎበዙ ሹካ አላነሳም። ማንም አላነሳም። በራስጌው በኩል አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ የዋሽንግተኑ እንግዳ፣ የአሜሪካ መንግሥት ተወካይ፣ ይጠበቃል።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። አርባ ሆነ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ ፊቱ ያለውን ዳቦ በዓይኑ ጨረሰው። ወርቅውሃ ወጉን ታውቀዋለች፤ ደሴ እነሱ ቤትም አባወራ ሳይቀመጥ መሶብ አይከፈትም። ያም ሆኖ አባቷ ሲያመሹ፣ ከእሳቸው ስለመገላገል የሚመክር ልጅ በቤቱ አልነበረም።

«እናቅርብላቸው በቃ!» አለች።

«ሳያዙ? ኮምፕሌን ያደርጉብናል፣ ወርቅዬ» አለ ሶፎንያስ።

ያን ጊዜ ነው የተናደደችው። ለማይመጣ ሰውዬ ሲባል ልጄ እናት እንደሌላት ልትቆም? ቀጥ ብላ ገባችና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጌቶቼ፣ እኔ አሜሪካዊት ነኝ» አለች በእንግሊዝኛዋ። «ዜግነት ከወሰድኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ይኸው ደርሻለሁ፤ ብሉ።»

ሶፎንያስ በሩ ላይ ሆኖ ፊቱን በትሪ ሸፈነ። ሊቀመንበሩ ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ ትከሻው ሁሉ ቀለል አለው። ሳህኖቹ ገቡ። እንዴት እንደበሉ! የተራበ ሰው ሹመት የለውም።

ወርቅውሃ ልትሄድ ብድግ ስትል አሥራ ሁለቱም ሹካዎች ቆሙ።

«ሊሄዱ ነው እንዴ?» አለ ሊቀመንበሩ፤ ድምፁ አንጀት ይበላል። «እስክንጨርስ እንኳ ቢቆዩልን?»

አሳዘናት፤ እውነቱን ለመናገር አሳዘናት። «ልጄን ጋዋን ላለብሳት ነው» አለችው። «እሷንም ቢሆን የማለብሳት ዛሬ ብቻ ነው። ከነገ ጀምሮ ራሷ ትለብሳለች።»

መኪናዋን እንዴት ፓርክ እንዳደረገች እንኳ አታውቅም፤ ግን ደረሰች። የእምነት ስም ሊጠራ ሁለት ሰው ሲቀር ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ሶፎንያስ ነው፦ «ወርቅዬ፣ ምግባቸውን ሳይጨርሱ ቁጭ ብለዋል። ሊቀመንበሩ መቼ ነው የምትመለሰው እያለ ነው። ምን ልበለው?»

ስልኩን አጠፋች፤ የእምነት ስም ሲጠራም ጋዋኑን ዘረጋች። እምነት እጇን አስገባች።