ፒክአፗን ያሻሻጠው ወሬ

ሰማያዊቷን ፒክአፕ የሁለቱ ወንድማማቾች አያት ለወፍጮ ቤታቸው ዱቄት ማመላለሻ ብለው ገና አዲስ ሳለች ገዟት። ከእሳቸው ለአባታቸው አለፈች፤ አባታቸው ሲሞቱ ደግሞ ለሁለቱ ወንድማማቾች። ታላቅየው አናጺ ነው፤ በአባቱ ግቢ ውስጥ እንጨት እየላገ እዚያው የቀረ ዝምተኛ ሰው። ከመኪናዋ ሥር ስለማይጠፋ ሰፈርተኛው "ፍሪሲዮን" ይለዋል። ታናሽየው ጠበቃ ነው፤ ችሎት ፊት ሲቆም ዳኛ ሳይቀር ጆሮውን የሚሰጠው አፈ ቅቤ።

መንገዱ ሲሰፋ ግማሽ ግቢያቸው ሄደ። በተረፈው ላይ ወይ ፒክአፗ ወይ የአናጺው መሥሪያ እንጂ ሁለቱ አብረው አይገቡም። እንሽጣት ያለው ጠበቃው ነበር። አናጺው ሁለት ቀን በመኪናዋ ዙሪያ ሲንጎራደድ ሰንብቶ፣ በሦስተኛው ቀን እሺ አለ፤ ከገዢ ጋር መነጋገሩን ግን አንተው ቻለው ብሎ ለወንድሙ ተወለት።

ገዢው ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ነበሩ። በወጣትነታቸው በእንዲህ ያለች ፒክአፕ ስንቱን በረሃ አቋርጠው ኖሮ፣ ገና ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን አዩ፤ ተንበርክከው ሥሯን አዩ። ከዚያ ስለ ዋጋ ሳያነሱ፣ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የያዛት ብለው ጠየቁ።

"እኔ" አለ ጠበቃው።

ለምን እንዲያ እንዳለ ራሱም አያውቅም። ምናልባት ሽማግሌው ዓይን ዓይኑን እያዩት ስለነበር ይሆናል። ከአፍ የወጣ ደግሞ አፋፍ ነው፤ ወሬው ወሬ እየጎተተ መጣ። ሞተሩን ሦስት ወር ሙሉ እንዴት ፈታትቶ እንደገጠመው፣ የበሩን ዝገት ቆርጦ አውጥቶ እንዴት በአዲስ ላሜራ እንደተካው አወራ። ሁሉንም ወንድሙ በስልክ ሲነግረው በግማሽ ጆሮ የሰማው ነው። አናጺው ጨርቅ ይዞ ከካሶኒው ጎን፣ ዱቄቱ ይጫንበት ከነበረበት፣ ቆሟል።

መሐንዲሱ አባታችሁስ ነድተዋት ያውቃሉ ወይ አሉ። ጠበቃው እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። አላቆመም። አባታቸው የታመሙ ዕለት ዝናቡ እንዴት መንገዱን እንዳጥለቀለቀው፣ አምቡላንስ አልመጣ ሲል አባቱን አቅፎ ጋቢና ውስጥ እንዴት እንዳስገባ፣ ራሳቸውን ጭኑ ላይ አስደግፎ በአንድ እጁ እየነዳ ሆስፒታል እንዴት እንዳደረሳቸው ተናገረ። ድምፁ ሳይቀር ተቆራረጠ።

ያን ዕለት መሪውን የያዘው አናጺው ነበር። ጠበቃው ስልኩን አጥፍቶ ስብሰባ ላይ ነበር፤ የደረሰው አባቱ ካረፉ በኋላ ነው።

መሐንዲሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ልጄ፣ እስቲ አስነሳትና ድምፅዋን ልስማው" አሉ።

ጠበቃው ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ፒክአፗ አጉረመረመችና ዝም አለች። ደገመ፤ ሠለሰ። ለመነሳት የራሷ ፀባይ እንዳላት ያውቃል፤ ፀባይዋ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

አናጺው ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ። ለመሐንዲሱ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ትናንት ስነካካት ያበላሸሁት ነገር አለ አላቸው። ወንድሙን በክርኑ ገፋ አድርጎ ተቀመጠ፣ ነዳጁን ሁለቴ ረገጠ፣ ጥቂት ጠበቀና ቁልፉን አዞረ። በአንዴ ተነሳች።

መሐንዲሱ ተስማምተው ሲሄዱ የጠበቃውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አባቱን እንዲህ ከያዘ ሰው መግዛት ደስ ይላል አሉት። አናጺው ያን ጊዜ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር። ከሰዓት ወንድማማቾቹ አብረው ምሳ በሉ፤ ስለ ነገሩ አንዳቸውም አላነሱም። ቢሰድበው ለጠበቃው ይቀለው ነበር።

ከዚያ በአራተኛው ቀን መሐንዲሱ መኪናዋን ሊረከቡ መጡ። ጠበቃው ሌሊቱን ሲያሰናዳ ያደረው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

"ጋሼ፣ ያን ቀን የነገርኩዎት ሁሉ የወንድሜ ነው" አለ። "የጠገናትም፣ አባታችንን የወሰደውም እሱ ነው። እኔ አልነበርኩም።"

አናጺው ራሱ የተያዘ ሌባ ይመስል አንገቱን ደፋ። መሐንዲሱ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። መኪናዋ ያችው መኪና ናት፤ ውላችን አይፈርስም አሉ በመጨረሻ። ጠበቃውን ግን ዳግመኛ ዞር ብለው አላዩትም። ቁልፉን ለአናጺው ሰጥተው፣ እስከ ቤቴ አድርሰኝ፤ ፀባይዋንም መንገድ ላይ ታስተምረኛለህ አሉት። ጠበቃው የግቢውን በር ከፈተላቸው።

አናጺው ከሰዓት በኋላ በእግሩ ተመለሰ። ጠበቃው ከመሥሪያው ደጃፍ ተቀምጦ ሲጠብቀው ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ ይቅር በለኝ።"

አናጺው መላጊያውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። "የአባባን ነገር ስታወራ፣" አለ፣ "ለአፍታ አብረኸኝ የነበርክ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ።"

ጠበቃው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቆይቶ፣ አባባ መንገድ ላይ ምን አሉህ ብሎ ጠየቀ፤ እስከዚያች ቀን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

"ብነግርህስ ለማን ልትሸጠው?" አለ አናጺው።

ፈገግ አላለም። ጠበቃው ተነስቶ ሊሄድ ሲል አናጺው የጣውላውን ሌላኛ ጫፍ እንዲይዝለት ጠየቀው። ያዘለት። እስኪመሽ ሳይነጋገሩ ሠሩ። አናጺው አባታቸው መንገድ ላይ ያሉትን የነገረው ከወራት በኋላ ነው፣ እንዲያው ሳይጠየቅ፣ ሚስማር እየመታ። ያን ቃል ጠበቃው እስከ ዛሬ ለሚስቱ እንኳ አልተናገረውም።